ዝንብም ደም አላት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ጎንደር የምኖር የ7ኛ ክፍል ሳይንስ መምህር ነኝ። ጋዜጣችሁን በየሳምንቱ ፒያሳ ወርጄ እገዛለሁ። አንብቤ ስጨርስም አልጥለውም፤ ክፍል ይዤው እገባለሁ፣ ከተማሪዎቼ ጋር የሚሄድ ነገር ካለበት ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። ዛሬ ብዕር ያነሳሁትም እሱን ሳነብ በተፈጠረ ነገር ነው።

ባለፈው እትማችሁ ክረምቱ ሲገባ ስለሚበዙት ተባዮች የወጣ ጽሑፍ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ወቅቱም ነው። ግን መሐል ላይ «እነዚህ ደምም አንጎልም የሌላቸው ጥቃቅን ፍጥረታት» የሚል ነገር ገብቷል። ዝቅ ብሎ ደግሞ መፍትሔው መርጨት ብቻ እንደሆነ ተጽፏል። ይህንን ሳነብ ሁለተኛው ዴስክ ላይ የምትቀመጥ ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ዝንብ ስንገድል ቀይ ነገር ይወጣል እኮ። ደም ከሌላት እሱ ምንድን ነው?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ሁሉም አይቶታል፣ ማንም ጠይቆ አያውቅም።

እኔም ያን ዕለት በደንብ አልመለስኩላትም። ማታ ቤቴ ገብቼ መጻሕፍት አገላብጬ፣ የማውቀውንም ከረሳሁበት አውጥቼ በማግስቱ ነው የመለስኩላት። ለእናንተም ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ጋዜጣችሁን የሚያነበው ሰው ብዙ ነው፣ የተሳሳተውም ነገር በዚያው ልክ ነው የሚዛመተው።

ዝንብ ደም አላት። ደሟ ግን ቀይ አይደለም፤ ቀለም አልባ ወይም ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው። ስንጨፈልቃት የምናየው ቀይ ነገር ዓይኗ ውስጥ ያለ ቀለም ነው። ትልልቆቹ ዓይኖቿ ቀያይ ናቸው አይደል? ራሷ ሲጨፈለቅ እሱ ነው የሚፈሰው። ቢምቢ ስንመታ የሚወጣው ቀይ ደግሞ ሌላ ነው። እሱ የራሳችን ደም ነው፣ ወይም አጠገባችን የተኛው ሰው።

ታዲያ የነሱ ደም ለምን አልቀላም? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው። የእኛን ደም የሚያቀላው ሄሞግሎቢን ነው፣ ሥራውም ኦክስጅንን ከሳንባ ተሸክሞ በየአካላችን ማድረስ ነው። ዝንብ፣ በረሮ፣ ጉንዳን፣ ንብ ሳንባ የላቸውም። በደረታቸውና በሆዳቸው ግራና ቀኝ በዓይን በቀላሉ የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉ። አየሩ በእነዚያ ይገባና እንደ ዛፍ ሥር እየቀጠነ በሚሄድ ቱቦ ቀጥታ ሥጋው ድረስ ይደርሳል። አየሩን ደሙ መሸከም የለበትም ማለት ነው። የደሙ ሥራ ምግብ ማዳረስ፣ ቆሻሻ ማንሳት፣ ቁስል መድፈን ነው። ስለዚህ መቅላት አላስፈለገውም።

ልብም አላቸው። ጀርባቸው ሥር የተዘረጋ ረጅም ቱቦ ነው። ከኋላ ወደ ፊት ይገፋዋል፣ ደሙም ራስ አካባቢ ከቱቦው ወጥቶ ሆድ ዕቃው መሐል እየተንሸራሸረ ይመለሳል። እንደ እኛ በተዘጋ የደም ሥር አይዞርም። የነርቭ ገመዳቸው ደግሞ በሆዳቸው በኩል ነው የሚሄደው። የእኛ ነርቭ ከኋላ፣ ልባችን ከፊት፤ የእነሱ ልብ ከላይ፣ ነርቭ ከታች። ይህንን ሰሌዳ ላይ ስሥል አንድ ልጅ «ተገልብጠው ነው የተሠሩት» አለኝ። ከዚህ የተሻለ አገላለጽ አላገኘሁም፣ አሁንም በእሱ አነጋገር ነው የማስተምረው።

አንጎል የላቸውም ያላችሁትም ልክ አይደለም። ራሳቸው ውስጥ አንጎል አለ። ነርቩ ግን እዚያ ብቻ አልተሰበሰበም፣ በሆዳቸው መስመር በየቦታው እንደ ዶቃ ቋጠሮ ቋጠሮ ሆኖ ተሰክቷል፤ እያንዳንዱ ቋጠሮ በአቅራቢያው ያለውን የአካል ክፍል ያዝዛል፣ እግርና ክንፍም የሚታዘዙት ከደረት ካሉት ቋጠሮዎች ነው። በረሮ ራሷ ተቆርጦም ለቀናት የምትቆየው በዚህ ምክንያት ነው። የምትተነፍሰው በጎኗ ነው እንጂ በአፍንጫ አይደለም፣ ደሟም ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ፈስሶ አያልቅም።

ይህ ሁሉ ምን ይጠቅማል የሚል አንባቢ ይኖራል። ይጠቅማል። በጎኗ እንደምትተነፍስ ያወቀ ሰው በረሮ ላይ የሳሙና ውሃ ቢያፈስባት እንደምትሞት ይገባዋል። ንጹሕ ውሃ ሰውነቷ ላይ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ይንከባለላል እንጂ ቀዳዳዎቿ ውስጥ አይገባም። ሳሙና ሲጨመርበት ግን ውሃው ይለጠፋል፣ ሰርጎ ይገባል፣ አየሩን ይዘጋባታል። ምንም መርዝ አላስፈለገም። ሕፃን ልጅ የሚድህበት ቤት ውስጥ ይህንን ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። ጽሑፋችሁ ሰውነታቸውን ስላላየ መርጨት ብቻ ታየው። የእኔ ነጥብ ይኸው ነው፦ አካሉ እንዴት እንደተሠራ ስታውቅ መላው ከዚያው ከአካሉ ይመጣል።

የወባ ትንኝንም በዚህ ዓይን እንያት። እኔ የተወለድኩት ደምቢያ ነው። ደምቢያ ላይ ወባ ምን እንደሠራ የእኔ አያቶች በዓይናቸው ያዩት ነው። ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው የጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት ያ የደምቢያ ወረርሽኝ ገና ትኩስ ነበር። የትንኟ እጭ የምትኖረው ውሃ ውስጥ ነው፣ የምትተነፍሰው ግን አየር ነው፤ ስለዚህ ውሃው ፊት ላይ መውጣት አለባት። የሌላዋ ትንኝ እጭ ጭራዋ ላይ መተንፈሻ ቱቦ አላት፣ ራሷን ወደ ታች ዘቅዝቃ ትንጠለጠላለች። የወባዋ እጭ ያ ቱቦ የላትም። ስለዚህ ከውሃው ፊት ጋር ትይዩ ሆና ተጋድማ ነው የምትተነፍሰው። ትልቋም እንደዚሁ ትለያለች፣ ግድግዳ ላይ ስታርፍ ጅራቷን ወደ ላይ ቀስራ ነው። ይህንን የነገርኳቸው ልጆች በማግስቱ ከየሰፈራቸው በላስቲክ ጠርሙስ እጭ ይዘው መጡ። ከአሮጌ ጎማ፣ ከባልዲ፣ ከተቆፈረ ጉድጓድ። የተጋደመውንና የተንጠለጠለውን ራሳቸው ለዩ። ከዚያ ውሃ ያቆረውን ጎማ ሄደው የገለበጡት እነሱ ናቸው፣ እኔ አላዘዝኳቸውም።

ደም የምትጠጣው ሴቷ ትንኝ ብቻ መሆኗንም ብዙ ሰው አያውቅም። ደሙ ለእንቁላሏ ነው። ወንዱ የአበባ ወለላ ቀምሶ ነው የሚኖረው።

አሁን ስለ መሬት ትል ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይህ ከሁሉም በላይ ልቤን የነካኝ ነው።

ክፍላችን ግድግዳ ላይ አከርካሪ አጥንት የሌላቸው እንስሳት ሥዕል ተሰቅሏል። ኦክቶፐስ አለ፣ ኮከብ ዓሣ አለ፣ ጄሊፊሽ አለ። ቆንጆ ሥዕል ነው። ኦክቶፐስ 3 ልብ እንዳለው፣ ደሙም በሄሞግሎቢን ፋንታ መዳብ ያለበት ንጥረ ነገር ስላለው ሰማያዊ እንደሆነ ነግሬያቸዋለሁ፣ ተደንቀዋል። ነገር ግን ልጆቼ ባሕር አይተው አያውቁም። ከክፍሉ በር ውጭ ያለው የመሬት ትል ሥዕሉ ላይ የለም። ከዓለም የእንስሳት ዝርያ ከ100 ከ95 በላይ የሚሆነው አከርካሪ የሌለው ነው እያልን እያስተማርን፣ ከእግራቸው ሥር ያለውን አናሳያቸውም።

ሰኔ ከገባ በኋላ አንድ ጠዋት፣ ሌሊቱን ሲጥል አድሮ፣ ግቢው ጭቃ ሆኖ ገባን። ከጽድ ዛፉ ሥር አንዲት የመሬት ትል አገኘሁ። በእርጥብ ቅጠል ይዤ ገባሁና ያንኑ ጋዜጣችሁን ዴስክ ላይ ዘርግቼ አስቀመጥኳት። ልጆቹን ትንፋሻችሁን ያዙ አልኳቸው። ከ50 በላይ ናቸው፣ ጸጥ አሉ። ትሏ ተሳበች። ድምፅ አላት! ወረቀት በጥፍር ጫፍ ቀስ ብሎ ሲቧጨር የሚሰማው ዓይነት። ፊት ለፊት የነበሩት ሰሙት፣ ከኋላ ያሉት «እኛም፣ እኛም» ብለው ተነሱ፣ በተራ በተራ ጆሯቸውን ወረቀቱ ላይ ደፉ።

የሚቧጭረው ሆዷ ላይ ያሉት አጫጭር ደረቅ ጠጉሮች ናቸው። በጣት ከጭራዋ ወደ ራሷ ሲዳበሱ ይሻክራሉ። አጥንት የላትም፣ ግን ሰውነቷ በፈሳሽ የተሞላ ቀለበት ቀለበት ነው። ዙሪያውን የሚዞር ጡንቻ አለ፣ ቁመቱን የሚሄድ ጡንቻ አለ። ዙሪያው ሲጨብጥ ትቀጥንና ትረዝማለች፣ የቁመቱ ሲሰበሰብ ታጥርና ትወፍራለች። ጠጉሮቹ ደግሞ መሬቱን ነክሰው ወደ ኋላ እንዳትንሸራተት ይይዟታል። እየረዘመች፣ እየነከሰች፣ እየተሰበሰበች ትሄዳለች። ውሃ የተሞላ ላስቲክ መሐሉን ስትጨምቀው ጫፎቹ እንደሚወጠሩት ማለት ነው።

ሳንባ የላትም፣ በጎኗም ቀዳዳ የለም። የምትተነፍሰው በቆዳዋ ነው። ቆዳዋ እርጥብ ሲሆን ኦክስጅኑ ይሟሟና ሥሩ ባሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ይገባል። ደሟም ቀይ ነው፣ የሄሞግሎቢን ዓይነት ስላለው። አስፋልት ላይ ወጥታ ፀሐይ የመታት ትል የምትሞተው ለዚህ ነው። ቆዳዋ ሲደርቅ አየር ያልቅባታል። ይህንን ስናገር አንዱ ልጅ ሳልጨርስ ብድግ ብሎ በኮዳው ውሃ ትሏን አራሳት። ከዚያ ተያይዘን ወጥተን ከጽዱ ሥር መለስናት። የምትበላውን አፈር ሆዷ ውስጥ ያለ ጡንቻማ ከረጢት በትንንሽ ጠጠር እየፈጨው፣ የምትተወው ኩስ ለሰብል ምግብ ነው፣ የቆፈረችው መሿለኪያም ለውሃና ለአየር መግቢያ ነው። ገበሬ የሆነ ወላጅ ያላቸው ልጆች ይህንን ቤታቸው ሄደው እንደተናገሩ አውቃለሁ፣ ምክንያቱም አንድ አባት ለወላጆች ስብሰባ መጥተው «ትሉን አትቁረጡ እያለ አላሳርስ አለን እኮ» ብለውኛል።

አልቅትም የዚችው የመሬት ትል ዘመድ ናት። እሷን ልጅ ሆኜ ነው የማውቃት።

ዳለቻ የምትባል ላም ነበረችን። ከወንዝ ጠጥታ በመጣች በሳምንቱ ታስል ጀመር፣ በአፍንጫዋ ደም ይታይ ነበር፣ ከሳች። አባቴ ገና ሲያያት «አልቅት ይዟታል» አለ። ጎረምሶች ቀንዷን ያዙ። አባቴ ምላሷን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ጎን ሳበና ጉሮሮዋን አየ። አለች፣ ጥቁር፣ ያበጠች፣ የምታብረቀርቅ። በእጅ አትያዝም፣ ታዳልጣለች። ትምባሆ በውሃ ዘፍዝፈው ነበር፣ እሱን አፏ ውስጥ ጨመሩባት። ትንሽ ቆይቶ አልቅቷ ለቀቀችና ወደቀች። ደሙ ግን አልቆመም። አልቅቷ ከሄደችም በኋላ ሲንጠባጠብ አመሸ፣ እናቴም መሐረቧን ይዛ ከአጠገቧ አልተነሳችም።

ያን ጊዜ ለምን እንደማይቆም አልገባኝም ነበር። አልቅት ስትነክስ ምራቋ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ትጨምራለች። እንዲህ ዓይነት ነገር እንዳላት ጆን ሃይክራፍት የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1884 አሳይቷል። በኋላም ሂሩዲን ተብሎ ተሰየመና ከእሱ ተነስተው ለሰው ልጅ የደም መርጋት መከላከያ መድኃኒት ሠሩ። ጉሮሮ የምትይዘው ዓይነት አልቅት መንጋጋዋ ደካማ ስለሆነ ቆዳ መብሳት አትችልም፤ ስለዚህ ስስ ሽፋን ያለበትን የአፍና የጉሮሮ ውስጠኛ ክፍል ትፈልጋለች፣ ወደዚያ የምትገባውም ገና ትንሽ ሆና ከሚጠጣው ውሃ ጋር ነው። ከሁለቱም ጫፏ መጣበቂያ አላት፣ ሆዷም ኪስ ኪስ ስለሆነ የራሷን ክብደት ብዙ እጥፍ ደም ትይዛለች። ትምባሆውስ? ትምባሆ ውስጥ ኒኮቲን አለ። ኒኮቲን የነርቭና የጡንቻን መልእክት ያናጋል፣ የያዘችበት ጡንቻ ከቁጥጥሯ ይወጣል። አባቴ ኒኮቲን የሚባል ቃል አልሰማም፣ ግን አልቅቷ የት እንደምትይዝና በምን እንደምትለቅ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

ይህንን ያነሳሁት ወደ መርጨቱ ልመልሳችሁ ስለፈለግሁ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ከሚሸጡት የተባይ ማጥፊያዎች አንዱ ትልቅ ቤተሰብ የኒኮቲን ዘመድ ነው፣ የሚመታውም ያንኑ ነርቭ ነው። ነርቩ ደግሞ የተባይና የንብ ብሎ አይለይም። አባቴ ቀፎዎች ነበሩት። አንድ ዓመት ሽምብራው ሲያብብ ጎረቤት በጠራራ ፀሐይ ረጨ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፣ ማንም አልነገረውም። በማግስቱ የቀፎው አፍ ሥር ንቦቹ ተዘርግፈው አገኘናቸው። ብዙዎቹ ገና አልሞቱም ነበር። በጀርባቸው ወድቀው እግራቸው ይንቀጠቀጣል፣ ምላሳቸው ወጥቷል፣ እየተሽከረከሩ መነሳት ያቅታቸዋል። ነርቭ ሲመታ እንደዚያ ነው የሚሆነው። አባቴ ቁጢጥ ብሎ ሲያያቸው ቆየና ምንም ሳይናገር ገባ። እኔ እስከ ዛሬ ሽምብራ ሲያብብ ያ ይታየኛል።

የንብን አካል አስቡት። 5 ዓይን አላት፣ ሁለቱ ትልልቅ፣ ሦስቱ ግንባሯ ላይ ያሉ ትንንሽ። ሁለት ዓይነት ከርስ አላት፣ አንዱ የራሷን ምግብ የምትፈጭበት፣ አንዱ ወለላ የምትሸከምበት፣ መሐላቸው የሚከፈትና የሚዘጋ በር አለ። ለቀፎው ያመጣችውን በልታ አትጨርሰውም፣ በሩ ይዘጋል። ሰሙን የምታመነጨው ከሆዷ ሥር ካሉ 4 ጥንድ ዕጢዎች ነው። ስትነድፍም መንደፊያዋ እንደ መንጠቆ ስለሆነ የእኛ ቆዳ ላይ ይቀርና መርዝ ከረጢቱ ከሰውነቷ ተለይቶም መርጨቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ፈጥኖ ማውጣት ነው። ከነደፈችበት ቦታ ሙዝ ሙዝ የሚል ሽታ ይወጣል፤ እሱ ሌሎቹን የሚጠራ ምልክት ነው። አባቴ ንብ ስትነድፈን ቦታውን በጭስ አጥኑት ይለን ነበር። ሽታውን ጭሱ ይሸፍነዋል፣ ሌሎቹም አይመጡም።

አበባ ላይ ያለ ሰብል አይረጭ። ግድ ከሆነ አመሻሽ ላይ፣ ንቦቹ ቀፎ ከገቡ በኋላ ይሁን። ይህች ሁለት መስመር ጽሑፋችሁ ውስጥ ብትኖር ስንት ቀፎ ታተርፍ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከሁሉም ይልቅ እንደ ኢትዮጵያዊ የሚያኮራኝን። ጣና ዳር ባሉ ቀበሌዎች ቢልሃርዝያ አለ፣ ልጆቻችን ጎርጎራ ሄደው ይዋኛሉ። የቢልሃርዝያ ትል ከሰው ወደ ሰው በቀጥታ አይሄድም። መጀመሪያ አንዲት የውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ መባዛት አለበት። ከእሷ ሲወጣ በሺዎች ሆኖ ነው፣ ውሃ ውስጥ የገባን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ። ከሚታጠብበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፈፉ። ከዚያ ተነስተው ነው እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያረጋገጡት። ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋርም እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀብለዋል።

እንዶድ እንዴት ይገድላታል? እንደገና አካሏን እንይ። ቀንድ አውጣ አጥንት የላትም፣ ቅርፊቷን ከኖራ ዓይነት ነገር ራሷ እየሠራች ነው የምታድገው። ሥጋዋ ልስልስ፣ እርጥብ፣ ያልተሸፈነ ነው። አደጋ ስታይ ቅርፊቷ ውስጥ ትገባለች። ግን ቢልሃርዝያ የምታስተላልፈዋ የአገራችን ቀንድ አውጣ ለቅርፊቷ መዝጊያ የላትም፤ ሌሎች ቀንድ አውጣዎች ያላቸውን ያንን ክዳን እሷ አልታደለችም። ስለዚህ እሷ ስትገባ ውሃውም ተከትሏት ይገባል። እንዶዱን አረፋ የሚያስደፍቀው ነገር ደግሞ ከልብስ ላይ ቅባት እንደሚያነሳ ሁሉ የሥጋዋን ሕዋስ ሽፋን ያፈርሰዋል። ዓሣንም ስለሚገድል ግን ማንም ተነስቶ ሐይቅ ላይ የሚበትነው ነገር አይደለም፣ ይህንንም ለልጆቹ አስረግጬ ነግሬያቸዋለሁ። የዚህች ቀንድ አውጣ ደም ቀይ መሆኑን ስነግራቸው ግን ያቺ ስለ ዝንብ የጠየቀችኝ ልጅ ፊቷ በራ። ዝንብ ላይ ያጣችውን ቀይ ደም ቀንድ አውጣ ላይ አገኘችው።

ብዙ ጻፍኩ፣ ይቅርታ። የኮሶን ትል ሳላነሳ ግን አላልፍም፣ ጥሬ ሥጋ የምንወድ ሕዝብ ነንና። የኮሶ ትል አፍም ሆድም የለውም። አንጀታችን ውስጥ የተፈጨውን ምግባችንን በቆዳው ነው የሚመጠው፣ ለምን ሆድ ያስፈልገዋል? ራሱ ከስፒል ራስ ብዙም የማይበልጥ ሲሆን 4 መጣበቂያ አለው፣ ከሥሩ ግን ብዙ ሜትር የሚሄድ የቁራጭ ሰንሰለት ይንጠለጠላል። የምናየው ነጭ ቁራጭ በእንቁላል የታጨቀው ጫፉ ነው። ቁራጩ ስለወጣ ተሽሎኛል የሚል ሰው ብዙ አለ። ራሱ ተጣብቆ ከቀረ እንደገና ያድጋል። አያቶቻችን ኮሶ ጠጥተው ራሱ ወጣ አልወጣ ብለው የሚፈትሹት ለዚህ ነበር። ዛሬ ጤና ጣቢያ በቂ መድኃኒት አለ፣ ሥጋውን አብስሎ መብላት ደግሞ ከሁሉም ይቀላል።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህንን ነው። «ደምም አንጎልም የሌላቸው» የሚለውን በሚቀጥለው እትም አርሙልኝ፣ ስለ ንብም ያቺን ሁለት መስመር ጨምሩበት። ከቻላችሁ ደግሞ በወር አንድ ጊዜም ቢሆን ሩብ ገጽ ስጡን። ልጆቻችን 9ኛ ክፍል ሲገቡ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። አልቅትን፣ ወስፋትን፣ ምስጥን፣ ሸረሪትን በአማርኛ እያወቁ ፈተና ላይ የሌላ ፍጥረት ስም ይመስላቸዋል። ጽፎ የሚልክ መምህር እኔ ብቻ አይደለሁም። ጎንደር ውስጥ ብቻ ስንት አለ።

ተማሪዎቼ ጥያቄ በወረቀት እየጻፉ ሣጥን ውስጥ ይከቱልኛል። ትናንት ከወጣው አንዱ «ሸረሪት ስትሞት ለምን እግሯን ትሰበስባለች?» ይላል። መልሱን ለመጀመሪያው ሩብ ገጽ እነሆ ብያለሁ፦ ሸረሪት አንዳንዱን የእግሯን መገጣጠሚያ የሚያጥፍ ጡንቻ አላት፣ የሚዘረጋ ግን የላትም። የምትዘረጋው ደሟን ወደ እግሯ በግፊት እየላከች ነው። ስትሞት ግፊቱ ይቆማል፣ የሚያጥፈው ብቻ ይቀራል፣ እግሯም ይታጠፋል።

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ጥቂት ቀን ነው የቀረው። ማረሚያው ከዚያ በፊት ከወጣ ልጅቷ ራሷ ተነስታ ለክፍሉ እንድታነበው አደርጋለሁ።

አክባሪያችሁ
የሳይንስ መምህር፣ ከጎንደር